አባ ኪሮስ ያቃኑት ዘመን

ዘጌ አንድ ገዳም የብራና መጻሕፍቱን ፎቶ የሚያስቀምጥበትን ኮምፒውተር ላድስ ሄጄ ነው። ዊንዶውሱን አፕዴት አድርጌ የፈቃዱን ቁልፍ ሳስገባ “ቁልፉ ልክ አይደለም” ይለኛል። ፊደል በፊደል እያየሁ ደግሜ ጻፍሁ፤ እምቢ! ከታች ደግሞ ባለጀልባው “ጥዬህ ልሄድ ነው!” እያለ ይጮኻል። የዕለቱ የመጨረሻ ጀልባ ነው፤ ላብ አጠመቀኝ። ለዕቃ ቤት ጠባቂው ለአባ ኪሮስ “ሐሰተኛ ቁልፍ ነው የሸጡልዎት” ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ያለው ቀን ላይ አረፈ። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ!

“አባ፣ ይህን ዓመት ማን ነካው?”

“እኔ ነኝ ልጄ። የፈረንጅ ዘመን እያሳየ ሲያስቸግረኝ ወደ እኛው አቃናሁት።”

ለካስ ለኮምፒውተሩ ፈቃዱ የሚጀምርበት ቀን ገና አልደረሰም! ዓመቱን ወደ ፈረንጁ ስመልሰው ቁልፉን ወዲያው ተቀበለ። ምን እንዳደረግሁ እንኳ ሳልነግራቸው ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሮጥሁ።

ሐይቁን ስናጋምስ ስልኬ ጮኸ። አባ ኪሮስ ናቸው።

“ልጄ፣ በችኮላ ዘመኑን አበላሽተኸው ሄደሃል። አይዞህ፣ አቃንቼዋለሁ። ብቻ ያ ‘ቁልፉ ልክ አይደለም’ የሚለው ነገር ተመልሶ መጣ።”