ናይሮቢ የሰጠችው ግጥም

ፊደል የቆጠርኩትም ግጥም የተማርኩትም ያለ አስተማሪ ነውና የግጥም ወሬ አያመልጠኝም። ወደ ፓርክላንድስ በሚሄደው ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት የምግብ ቤት ባለቤትና አንድ ወጣት ከፊቴ ተቀምጠው፣ ሰሞኑን ስላረፈው የወሎ ዘፋኝ ያወራሉ።

«እትዬ፣ ያቺን ግጥም ደሴ ሆኖ ነው የጻፋት?»

«የቷን?»

«‹እናቴ ደጅ ቆመሽ መንገድ አትመልከቺ፣
እዚህም ሰው አለኝ የሚያጎርስ እንዳንቺ።›»

«ምን ደሴ! እዚሁ ናይሮቢ፣ እኔ ቤት ነው የተወለደችው። ማሲንቆውን ይዞ ሲዘፍን አንድ ሰው ተነስቶ ‹ተቀበል!› ብሎ ሰጠው።»

«ኪዌሊ?» አለ ወጣቱ በስዋሂሊ፣ «እውነት? የኛ ሰፈር ሰው?»

«የኛው ነዋ! ዘፋኙም እስኪሞት ድረስ በየመድረኩ ‹ይቺን የሰጠችኝ ናይሮቢ ናት› ይል ነበር።»

«ሰውየው ማነው?»

«መልኩ ጠፋኝ። ጉራው ግን ጣራ ይነካ ነበር።»

«ባለጉራ ይሁን እንጂ ግጥም ያውቃል!»

«ያውቃል እንጂ! ባገኘው እሁድ በዘፋኙ መታሰቢያ ላይ ከሁሉም ፊት አስቀምጠው ነበር።»

ያን ዕለት «ተቀበል!» ያልኩበትን ድምፄን ዋጥ አድርጌ፣ «ወራጅ አለ» ሳልል የምወርድበት ፌርማታ ሲያልፍ እያየሁ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።