የባዩ የመጀመሪያ ድስት

— ሄሎ... ሄሎ ባዩ... አዎ፣ መሰረት ነኝ። እዚህ ሆስፒታል ስተኛ ውዬ ነው ድምፄ የደከመው። ልጆቹስ?

— ከትናንት ጀምሮ የበሰለ አልቀመሱም? ሁለቱም?... ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ሚካኤልስ?... ለቅሶ ሄዱ። እሺ፣ አምሽተው ይመለሳሉ።

— ምን ገዛህ?... ግማሽ ኪሎ ሥጋ፣ ፓስታም! ታዲያ ምን ቀረህ? አብስለው እንጂ።

— የምታበስል ሴት ለምን ትፈልጋለህ? አንተው ሥራው... ማን ያይሃል? ቢያይስ! ልጆችህን ርቧቸዋል፣ ባዩ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገህ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው። ከሰሉ ተያይዟል?... በል።

— ትልቁን ድስት ጣድ። ሌላ ዕቃ አታበላሽ፣ ሁሉም እዚያው ይበስላል። ሥጋውን ክተፈው... ከዚያም በላይ ይድቀቅ፣ የሀና ጥርስ ወልቋል። ሽንኩርት ሁለት ራስ... ያስለቅሳል፣ ምን ታደርገዋለህ። በዘይት ቁላው።

— እሺ ሲስተር፣ ትንሽ ታገሽኝ። ባለቤቴ ነው፣ ከቤታችን ከወገዳ... ራት እየሠራ ነው... አዎ፣ እሱ ራሱ።

— ለነርሷ ነው። ቀላ?... ሥጋውን ጨምር። ውሃው እስኪመጥ አማስለው። ከዚያ ቲማቲም፣ በርበሬ በማንኪያ ጫፍ፣ ጨው... አሁን ውሃ፣ በትልቁ ኩባያ አራት። ሲፈላ ፓስታውን ሰብረህ ክተተው።

— ...ከደንከው? እየከፈትክ አማስል፣ ከሥር እንዳይዝ። ልጆቹ የት ናቸው?... ደጅ? በሩን መለስ አድርገው።

— ባዩ፣ ሐኪሙ ዛሬ አናግሮኛል። ሆዴ ውስጥ ያለው እጢ ነው አለኝ። ነገ ከሰዓት ያወጡታል... አዎ፣ ነገ... ምን ዓይነት እንደሆነ ሲያወጡት ነው የሚታወቀው።

— ቀድሜ ለምን አልነገርኩህም?...

— ከጠዋት ጀምሮ ልደውል እያልኩ ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምን ብዬ ልጀምረው?... አታልቅስ፣ ይሰሙሃል... እኔም ፈርቻለሁ። ለምን እዋሽሃለሁ?

— አማስለው! ይያዝብሃል።

— ልሞት ነው አላልኩም። እግዜር ያውቃል። ብመለስም ግን ወር ሙሉ ዕቃ አላነሣም። ባልመለስ ደግሞ... ስማኝ፣ አትቆጣ። ባልመለስ ልጆቼ ጎረቤት ደጅ ቆመው እንዲጠብቁ አልፈልግም። አባታቸው ያበላቸዋል ብዬ ኦፕሬሽን ልግባ።

— ...እሺ። አበላቸዋለሁ ስትል ሰማሁህ የኔ ጌታ።

— ደም ይፈልጋሉ። ከወንድምህ ከአዲሱ ጋር ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ተሳፍራችሁ እዚህ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ድረሱ። ልጆቹ እትዬ ወለተ ሚካኤል ዘንድ ይዋሉ... ንገራቸው፣ እሳቸው እምቢ አይሉም።

— ውሃው መጠጠ?... አውርደው። ጥራቸው።

— ርብቃ! የኔ እናት... ደህና ነኝ። ቀመስሽው?... ጨው በዛ? ግድ የለም፣ ብይው። አባትሽ ነው የሠራው... ብቻውን፣ አዎ። ሀናስ ትበላለች?... ከድስቱ? ተያት፣ ትብላ።

— ባዩ፣ አትዝጋው። እንዲሁ አጠገባችሁ ተወው። ምንም አታውሩኝ፣ ብሉ ብቻ።

— ...

— መጣሁ ሲስተር። ልጆቼ ራት እየበሉ ነው... ስሚያቸው እስቲ። ሀና ናት የምትስቀው።

— ...ሄሎ?... ባዩ?...

— ተቋረጠ። ይሁን፣ በልተዋል... በይ ሲስተር፣ መርፌሽን አምጪው።