ወንድሜ አይሸሽም

በእኛ ጊዜ፣ ያኔ ጣሊያን መተማን ይዞ እኛ ጫካ የገባን ጊዜ፣ ሕፃን ሲወለድ መልኩን የሚጠይቅ አልነበረም፤ “ይደነግጣል፣ አይደነግጥም?” ነበር ጥያቄው። እኔ ጢሜ ገና ያላቆጠቆጠ ጎረምሳ ነኝ። ስለዚያ ረሃብና ንዳድ አልነግራችሁም፤ ይቅር። የወንድሜን ግን ልንገራችሁ።

ወንድሜ እዚያው ጫካ፣ ሽመል ዛፉ ሥር ተወለደ። አባታችን በደስታ አንዲት ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ፣ ጥይት ብርቅ በሆነበት! ሌላ ሕፃን ቢሆን ይንጫጫ ነበር፣ ይሄ እንቅልፉን ይለጥጣል።

“አያችሁት? ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም!” አለና አይሸሽም ብሎ ስም አወጣለት። ታዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያው ነው፤ አባቴ ከልጁ ጀርባ ሆኖ ጠመንጃውን ቀጭ አድርጎ ያቀባብላል፣ ልጁ ዝም፣ እና ሰዉ “ወንድ ተወለደ!” ይላል፣ እና አባቴ ይኮራል፣ እና እንዲህ እያልን ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ።

ልጁ ግን አፍ አልፈታም።

“ኧረ አንቱ፣” አለች እናቴ፣ “ስጠራው አይዞርም። ድንበር ማዶ ሱዳን፣ ገላባት ሐኪም አለ ይባላል።”

“ኩራቱ ነው! ወንድ በጠሩት ቁጥር ይዞራል?”

“ስሙን እኮ አያውቅም።”

“ተይ አንቺ ሴት፣ በልጄ ላይ አታሟርቺ።”

ሰዉም ያው። አንዷ “የወንድ አፍ ይዘገያል” አለቻት፣ አንዷ ቡዳ ነው አለች፣ አንዷ ጠበል አለች። ሐኪም ያለ የለም። ቢባልስ? መንገዱ ላይ የጣሊያን ኬላ አለ።

ታዲያ አንድ ጠዋት አውሮፕላን መጣ። ሁላችን ዛፍ ሥር ገባን። አይሸሽም ደረቁ ወንዝ መሐል አሸዋ ይቆልላል። እናቴ “ና! ና ልጄ!” ትላለች፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆልላል። አባቴ ጠመንጃውን ጥሎ ሮጠ፣ ጠመንጃውን እኮ ነው የምላችሁ፣ ልጁን አፈፍ አድርጎ አመጣው። አውሮፕላኑ አልፎ ሄደ። ልጁ የአባቴን ፊት አይቶ ሳቀ። አባቴ “አይሰማም” አለ።

በማግሥቱ ኬላውን በጫካ ዞረን ገላባት ወሰድነው። ሐኪሙ ጆሮውን አየ፣ ከጀርባው ቆርቆሮ መታ፣ ከዚያ በአረብኛ ተናገረ፤ አንድ ነጋዴ ወደ አማርኛ መለሰልን።

“ጆሮው አይድንም። እስካሁን የት ነበራችሁ?”



“ጫካ፣” አለች እናቴ።

“በሉ ዛሬውኑ ጀምሩ። ፊት ለፊት ሆናችሁ በእጃችሁ አናግሩት። አለዚያ በሰው መሐል ብቻውን ይቀራል።”

ጀመርን። አባቴ፣ ያ ኮስታራ ሰው፣ አርበኛው ሁሉ እያየው እጁን ወደ አፉ ወስዶ “ብላ” ይላል፣ ጉንጩን መዳፉ ላይ አጋድሞ “ተኛ” ይላል። ልጁ ያያል፣ አይመልስም። ክረምቱ ገባ፣ አሁንም አይመልስም። አባቴ “ረፍዶብናል” ማለት ጀመረ።

ታዲያ አንድ ቀን ልጁ የእናቴን ቀሚስ ጎተተና የገዛ አፍንጫውን ይዞ ወደ ፊት ሳበው፣ እንዲህ! እና ወደ አባቴ ጠቆመ። የአባታችን አፍንጫ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከባለቤቱ ቀድሞ ነበር የሚደርስ።

“ምን ይላል ይሄ?” አለ አባቴ።

እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ “አንቱን እየጠራ ነው፣” አለችው።

(ከአድማጮቹ አንዱ፦) “አባትዎ አልተቆጡም፣ አባባ?”

ማን፣ አባቴ? “ድገመው በይው” አለ እንጂ! ልጁም ደገመው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን እየሳበ ነው የጠራው። ፊታውራሪ ቢሉት እንደዚያ ፈጥኖ አይመጣም ነበር። (አባባ ሳቁ።)