ለራሱ የቀዳው ሙሾ

ከማርቆስ ወደ ቁይ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ በጋቢ የተጠቀለለ ትልቅ የድሮ ቴፕ ታቅፏል። አጠገቡ ያሉት እናት ጠየቁት።

«ቴፑን የት ልታደርሰው ነው ልጄ?»

«ነገ የአባቴ አርባ ነው።»

«በአርባ ዘፈን?»

«ሙሾ ነው እንጂ እናቴ። አስለቃሾቹ አይችሉበትም ብሎ፣ ሳይሞት ለራሱ ቀድቶ አስቀምጧል።»

«በቀብሩ አላሰማችሁም?»

«አሰማን። የቴፑ ላስቲክ ላልቶ ድምፁን እንደ ሰካራም ጎተተው። ለቀስተኛው ሳቀ።»

«ኧረ በስመ አብ! አሁንስ?»

«አሠርቼው ገና ዛሬ በደንብ ሰማሁት። ወንድሞቼን አንድ በአንድ ያወድሳል። በሬዎቹንም በየስማቸው።»

«አንተንስ?»

«እኔ የለሁበትም።»

«ታዲያ ለምን ታሰማዋለህ?»

«ግጥሙ ጥሩ ነው።»

ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ፣ ቴፑ እንዳይናጥ በዓይኔ ደግፌው ሄድኩ።