ውሃ የማይጠጡት ነጋዴዎች

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሒሳብና ሰዋስው ያስተማረ ሰው ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። ከሦስት ሴቶች የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ እንደ ሽማግሌ ወግ ቢረዝምባችሁም ታገሡኝ።

አንድ ቅዳሜ ጧት በአርቲቦኒት ሸለቆ የሩዝ ማሳዬን አይቼ ስመለስ፣ የገበያው ካሚዮን ጎማው ፈንድቶ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ነጋዴዎቹ ከጭነቱ ላይ ወርደው ነጂውን በስድብ ይቀቅሉታል። ወጣቷ ነጋዴ ሚርላንድ ግን ከነሱ ራቅ ብላ፣ ጎኗን ይዛ ተኮራምታለች። የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ትንቀጠቀጣለች። ከራስጌዋ የቆሙት አማቷ ኤሊመን ናቸው። የሩዝ ነጋዴዎቹ አለቃ ስለሆኑ አገሩ ሁሉ ታንት፣ አክስት፣ ብሎ ነው የሚጠራቸው። አጠገባቸው ደግሞ መድኃኒቱን በባልዲ ላይ እንደ ግንብ ቆልሎ የሚያዞር ሻጭ ቆሟል።

"ቀይና ቢጫዋን እንክብል ሁለት ፍሬ ስጠኝ" ሲሉት ደረስኩ።

"ይቆዩ ታንት! እንዳይሰጧት!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ዘወር ብል ናዴዥ ናት፤ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ነርስ። ከሌሊት ሥራ ወደ ቤቷ በእግሯ ስትሄድ ነው የደረሰችብን።

"ደህና አደሩ ታንት። ምን ሆና ነው?"

"ደህና አደርሽ ልጄ። ምንም አልሆነች። ሽንቷ ያቃጥላታል። ትናንት የጋለ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ሙቀቱ ገባባት። ባለፈው ወርም በሁለት ፍሬ ነው የተሻላት።"

"ባለፈው ወር ከተሻላት ዛሬ ምን መለሰው?"

"ሲሚንቶው ነዋ!"

"ከዚያ በፊት በነበረው ወርስ?"

"አንቺ ልጅ፣ ነርስነቱን ትተሽ ዳኛ ሆንሽ እንዴ?" ሲሏት ታንት ኤሊመን፣ ሴቶቹ ሳቁ።

ናዴዥ አልሳቀችም። ተንበርክካ የሚርላንድን ግንባር ዳሰሰች፤ ወገቧን በእጇ ጠርዝ መታ መታ ስታደርጋት ሚርላንድ ጮኸች።

"ታንት፣ ሕመሙ ከፊኛዋ አልፎ ኩላሊቷ የደረሰ ይመስለኛል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገባች ልጁ ያለቀኑ ሊወለድ ይችላል፤ እሷም ልትሞትብዎ ትችላለች።"

"አታሟርቺ! ገበያው ይለፍና እወስዳታለሁ።"

"ከገበያ በኋላ አይሆንም። አሁን ነው።"

ታንት ኤሊመን ክፉ ሴት አይደሉም። ልጃቸው ለሥራ ድንበር ተሻግሮ ከሄደ ወዲህ ሚርላንድን ከጉያቸው አላራቋትም። ግን ሰው የሚወደውንም የሚረዳው በሚያውቀው መንገድ ነው፤ የማያውቀው መንገድ ሲነገረው ደግሞ የተሰደበ ይመስለዋል።

"ስሚኝ ልጄ" አሉ ወገባቸውን ይዘው። "ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ። በገበያ ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ በአፌ አይዞርም። ቅርጫቷን ጥላ ለሽንት የምትሮጥ ነጋዴ፣ ነጋዴ አይደለችም። እናቴ ለኔ ያስተማረችኝን ለሚርላንድ አስተማርኳት። በኛ ጊዜ በዚህ የሞተ የለም።"

"ማን በምን እንደሞተ መች ተመረመረና፣ ታንት? ልማዱ ነው የሚጎዳት። ጀርሙ ከራሳችን ሰገራ ነው የሚመጣው። የሴት የሽንት መውጫ አጭር ስለሆነ ፊኛ ለመድረስ አይቸገርም። ጠጥተን ቶሎ ቶሎ ከሸናን ሽንቱ ጠርጎ ያወጣዋል። በጥም ውለን ስንይዘው ግን እዚያው ይራባል። ሲሚንቶው በነፃ ይለቀቅ።"

"ይሁንልሽ። ታዲያ የሚመላለስባት ለምንድን ነው? ባሏ እንደሆነ አገር ውስጥ የለም። እኔማ ሌላ ነገር ጠርጥሬ..." ብለው ሳይጨርሱት ወደ ሚርላንድ አዩ።

ሚርላንድ ቀና አለች። "እማዬ፣ ይህን ሲያስቡብኝ ነው የከረሙት?"

"ሰምተሻል ልጄ፣ ማሰቡንስ አስቤያለሁ" አሉ አሮጊቷ ዐይናቸውን ሰብረው።

"ባል ያላትም የሌላትም፣ መነኩሲትም ሳትቀር ትታመማለች" አለች ናዴዥ። "ቆሻሻ ስለሆነችም አይደለም። እንዲያውም እንደ አገራችን ሴት ሁሉ በሎሚና በቅጠል ውሃ ውስጧን መታጠቧ ነው የሚያባብስባት፤ ላይ ላዩን በንጹሕ ውሃ ይበቃል። ስትጠራረግም ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። ባሏ ሲመጣ ደግሞ አብረው ከተኙ በኋላ ወዲያው ትሽና፤ መምህር ቢሰሙም አላፍርም። የሚመላለሰው ሁለት ፍሬ ውጣ ስለምትተወው ነው። በሁለት ፍሬ ደካማው ጀርም ይሞታል፣ ብርቱው ይተርፋል፤ በወሩ ወገኖቹን አስከትሎ ይመለሳል። ቀይና ቢጫዋ ደግሞ ለእርጉዝ አትሆንም።"

ዞር ብል ሻጩ ባልዲውን ተሸክሞ መንገድ ጀምሯል።

ሚርላንድ የአማቷን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። "እማዬ፣ አምና ያጣሁት ልጅ... ያኔም እንዲሁ ነበር። ተቃጠልኩ፣ እንዲሁ ሁለት ፍሬ ዋጥኩ፣ በሰባት ወሩ ሞቶ ተወለደ። የሰጡኝ እርስዎ ስለሆኑ እንዳይከፋዎት ብዬ መጠርጠሬን ደበቅኩዎት። ይህን ደግሞ አላጣውም። ባይፈቅዱልኝም እሄዳለሁ።"

ከዚያች ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ታንት ኤሊመን መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እኔንም ያቃጥለኛል" አሉ። "ከወር ወር። ሴት መሆን ማለት ይሄ መስሎኝ ነበር።"

"እኔንም" አለች አንዷ ነጋዴ። "የኔማ ደም አለው" አለች ሌላዋ። ለሠላሳ ዓመት አንድ ካሚዮን ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጭነው የሄዱ ሴቶች ሁሉም አንድ ሕመም ይዘው አንዷም ለአንዷ አልነገረችም። እፍረት የገደለውን ሰው የሚቆጥር ባገኝ ጥሩ ነበር።

ታንት ኤሊመን ግን የሚቀመጡ ሴት አይደሉም። ተነሡ፤ የሚያልፍ ሞተር ብስክሌት አስቁመው ሚርላንድን በነጂውና በናዴዥ መካከል አስቀመጧት። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የናዴዥን ክንድ ያዙ።

"ገባኝ ልጄ። ውሃውንም እንጠጣለን። ግን የት ነው የምንሸናው? ገበያው መጸዳጃ የለው። ቅርጫቱንስ ማን ያየዋል?"

"ሩዝ ለማጨድ በደቦ ትወጡ የለ? ቅርጫትም በደቦ ይጠበቃል። መጸዳጃውን ግን ሌላ ሰው ጠይቁ።"

እዚህ ላይ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጉዳዩ የከተማው ሹማምንት መሆኑን፣ ማመልከቻ መጻፍ እንደሚገባ ማስረዳት ጀመርኩ።

ታንት ኤሊመን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "መምህር፣ ቤትዎ ከገበያው ጀርባ አይደል? በገበያ ቀን መጸዳጃዎን በጓጉንቸር የሚቆልፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

ሴቶቹ አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። "ያቆሽሹታል" ብዬ ዓመታት የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን አውጥቼ በእጃቸው አኖርኩት።

ሚርላንድ ሆስፒታል ተኝታ ታከመች፤ መድኃኒቷን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጠች፣ ከዚያም ሽንቷ እንደገና ተመረመረ። በቀኗ ሴት ልጅ ወለደች። ታንት ኤሊመንም ተመርምረው የታዘዘላቸውን ጨረሱ፤ ይኸው ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ቃጠሎው አልተመለሰም። ሴቶቹ በየተራ እያጸዱት መጸዳጃዬ ከኔ ጊዜ ይልቅ ነጽቷል፤ በደቦ ሁለት ተጨማሪ ጉድጓድ ተቆፍሯል። እኩለ ቀን ላይ ራሷን የሚያማት፣ ወገቧን ይዛ የምትሄድ ነጋዴ ቀንሷል። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ውሃ፣ በር፣ የተሟላ ሕክምና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ "አመመኝ" የምትል አንዲት ሴት ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣች ልጅ ታንት ኤሊመን የሰጧትን ኩባያ ውሃ መለሰችባቸው።

"እናቴ ነጋዴ ከቅርጫቷ አትነሣም ብላኛለች፣ ታንት።"

"እኔም እንዲያ እል ነበር" አሉ ኩባያውን መልሰው እያስጨበጧት፤ "የልጅ ልጄን ቀበርኩበት። ጠጪና ሂጂ፤ ቅርጫትሽን እኔ አየዋለሁ።"