ጅባራ ቢቸና ላይ ለምን ይደርቃል?

ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከአቶ የኔሰው ጎን የተቀመጥሁት ሌላ ወንበር ስላልነበረ ነው። ስማቸውን ያወቅሁት ሾፌሩ ሲጠራቸው ነው። በጉልበቶቻቸው መካከል በያዙት ጆንያ ውስጥ ሦስት ለጋ ጅባራዎች ከነአፈራቸው ይታዩ ነበር። ይህን ተክል ለመመረቂያ ጽሑፌ አጥንቼው ነበርና ዝም ማለት ከበደኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከጮቄ ተራራ ነው የመጣው?»

«ከጮቄ ነዋ! የባለቤቴ አገር ነው። ቢቸና ከገባች ጀምሮ ጅባራ ናፈቀኝ እንዳለች ነው። ሁለት ጊዜ ተከልሁላት፤ ሁለቱም ደረቀ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያደረቀችውንም አውቃታለሁ። ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤቴ ውበቴ ናት። በመጣች ቁጥር ‹እንዴት ያምራል!› ትላለች። ዓይኗ ነው። የዕድራችን ዳኛ እኔ ነኝ፤ እሑድ ትወጣለች።»

ከዕድር የወጣ ሰው ሲሞት ማን እንደሚቀብረው ለአገሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ጠየቅሁ።

«አባባ፣ ዓባይ በረሃ ወርደው ያውቃሉ?»

«ስንት ጊዜ!»

«ከዚያ ማንጎ አምጥተው ጮቄ ላይ ቢተክሉት ይይዛል?»

ሳቁብኝ። «አየ የተማረ ሰው! ገና በመጀመሪያው ሌሊት ውርጭ ይጨርሰዋላ!»

«ውርጭ ይጨርሰዋል አሉ። ቡዳ ይበላዋል አላሉም።»

ከኋላችን የነበሩ ሴትዮ «አያ የኔሰው፣ ዛሬስ ተያዙ!» ብለው ሳቁ።

«ዝም በይ አንች! ማንጎማ የቆላ ነው።»

«ጅባራም የውርጭ አገር ነው፤ አባባ። ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ከብርድ ይሸፍናል። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ተክል የቢቸናን ሙቀት አይችለውም።»

አቶ የኔሰው በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «እሽ፤ ስሜን ተራራ ላይም አለ ይባላል። በመካከል ያለውን ቆላ እንዴት ተሻገረው? ማን ተከለው?»

መምህሮቼ እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም። «ጥንት ምድር እጅግ በቀዘቀዘችበት ዘመን የውርጩ አገር ዛሬ ካለበት ዝቅ ብሎ ይወርድ ነበር። ያኔ ጅባራ ከተራራ ወደ ተራራ መድረስ አልቸገረውም ይላሉ ሊቃውንቱ። ምድር ስትሞቅ ግን ወደ ላይ ሸሸ፤ ተራሮቹም እንደ ጣና ደሴቶች ተለያይተው ቀሩ። ኬንያ ተራራ ላይ ዘመዶቹ አሉ፤ መልካቸው ግን ሌላ ነው። ይህ የያዙት ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይበቅልም።»

«የትም? ፈረንጅ አገርስ?»

«ለማየት እነሱ ናቸው ወደ እኛ የሚመጡት።»

ቀና ብለው ተቀመጡ። ሰው የያዘውን ነገር ዋጋ ሲያውቅ ትከሻው እንዴት እንደሚሰፋ ያን ቀን አየሁ። ወዲያው ግን ጆንያውን አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«እንግዲያ ገዳዩ እኔ ነኛ።»

ጉንደ ወይን ስንደርስ ወረዱ። «ዛሬውኑ ብመልሰው ይተርፋል?» አሉኝ። ምናልባት አልኋቸው። በመጣንበት መንገድ ወደሚመለስ መኪና ጆንያቸውን አቅፈው ሲሮጡ አየሁ።

በቅርቡ ቢቸና የገባችው እናቴ የዚሁ ዕድር አባል ሆና ኖሮ፣ እሑድ ከእሷ ጋር ሄድሁ። አቶ የኔሰው ቆመው በውበቴ ላይ ያሰቡትን ሳይደብቁ ተናገሩ። «እያንዳንዱ ፍጥረት የተሠራበት አገር አለው፤» አሉ። «ይህን ባለማወቄ ጎረቤቴን ላጣ፣ በዓለም የሌለውን ተክላችንንም ላጠፋ ነበር። ከእንግዲህ አዝመራ ሲጠፋ፣ ከብት ሲሞት፣ ‹ማን አየው?› አንበል፤ ‹ምን ነካው?› እንበል። በሽታውን በጊዜ ያወቀ የቀረውን ያድናል። ባለቤቴንም ለመስቀል ይዣት እወጣለሁ፤ ጅባራውን በአገሩ ትየው።»

ሁሉም ወደ ውበቴ ዞረ። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«አያ የኔሰው፣ ይማሩኝ አልልም፤ ያጠፋሁት የለም። አመሰግናለሁም አልልም፤ የመለሱልኝ የራሴን ስም ነው።»

አቶ የኔሰው ዝቅ ብለው እጅ ነሡና ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ዞሩ።

«ያለችውን እንዳለ ጻፈው። አንድ ቃል እንዳታጎድል።»