መሪጌታ ገብረመስቀልና የሬዲዮው ክርክር

ነሐሴ 1973 ዓ.ም. ነበር። ከማስተምርበት ከኮን ወደ ላሊበላ ስሄድ የተሳፈርኩበት መኪና ጋሸና ላይ በጭቃ ተይዞ ቀረ። አንድ ቀን ጠብቄ ዝናቡ አላባራ ስላለ አቋራጩን በእግሬ ያዝኩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአንድ ወንዝ ደረስኩ። ወንዙ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ተረግጦ የሚታለፍ ነው፤ ያን ዕለት ግን ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር።

ከወንዙ ዳር ሁለት ሰዎች ውኃው እስኪጎድል ተቀምጠዋል። ጥምጥም ያሰሩት ሽማግሌ ማዶ ያለችው የጽጌ ማርያም ደብር አለቃና የዜማ መምህር መሪጌታ ገብረመስቀል ናቸው። ሌላው አረጋ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በዕቃ ጠባቂነት ይሠራል። አጠገቡ የቆመችው በቅሎ በሸራ የተጠቀለለ ሣጥን ተጭናለች። ሁለቱ የሚነጋገሩት በትሕትና ቢሆንም ሐሳባቸው አለመግጠሙን ገና ሰላምታ ስሰጥ አወቅኩት።

መምህር መሆኔን ስነግራቸው መሪጌታ ቦታ ለቀቁልኝና «መምህር፣ እስቲ አንተም ፍረድ» አሉኝ። «ይህ ልጅ ሬዲዮ ጭኖ ወደ ደብራችን ይመጣል። ሽቦውን ከኮረብታችን ላይ ልስቀል ይላል። እኔ አልፈቅድም ብያለሁ።»

«የማን ሬዲዮ ነው?» ብዬ አረጋን ጠየቅኩት።

«መሣሪያው የአውራጃው አስተዳደር ነው፤ የምንሠራበት ግን ደመወዝ የሌለን ስድስት በጎ ፈቃደኞች ነን» አለ። «በጦር ሠራዊት ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ የነበሩት፣ ዛሬ ጋሸና ሻይ ቤት ያላቸው ጋሽ ሸዕባን እሑድ እሑድ አስተማሩን። ላሊበላ ላይ የምትቀበለን የሻረግ የምትባል መምህርት ናት። ጎርፍ፣ ናዳ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ ቃሉን ለአስተዳደሩ እናደርሳለን።»

«ጥሩንባ አለን፤ እግረኛ መልእክተኛም አለን» አሉ መሪጌታ። «አባቶቻችን በዚያ ኖረዋል።»

«ልክ ነው አባቴ። ነገር ግን አምና ተስቦ በገባ ጊዜ መልእክተኛው ስንት ቀን ፈጀበት?»

«ሦስት ቀን» አሉ ሽማግሌው። «ወንዙ አግዶት ነው። እስኪመለስ አሥራ አንድ ሰው ቀበርኩ።»

አረጋ ክርክሩን አልገፋበትም። ይህም እኔን ደስ አሰኘኝ። ያሸነፈ መስሎት ቢቀጥል ኖሮ ሽማግሌውን ለዘለዓለም ባጣቸው ነበር፤ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ የምፈራው ሽቦውን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅቴ ልጅ ስሙ በወረቀት ተጽፎ ሄደ። ከወረቀቱ ኋላ እሱም ተወሰደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ወረቀት በእግር ሄዶ እንዲህ ካደረገ፣ በአየር የሚሄደው ስም ምን ያደርጋል?»

አረጋ ሽማግሌውን ሳይሸሽ አያቸው። «ፍርሃትዎ ከንቱ ነው አልልዎትም። እኛ የሰው ነገር አንልክም። የደረሰውን አደጋ፣ ቦታውንና የተጎዱትን ቁጥር ብቻ እንልካለን። የላክነው ሁሉ በደብተር ይጻፋል። ደብተሩንም የፈለገ ያንብበው።»

«ቃልስ በአየር አይጣመምም?» አሉ መሪጌታ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ዜማ ሳስተምር ቃል ከአፍ ወደ ጆሮ ሲሄድ እንኳ ሲሰበር አይቻለሁ።»

አረጋ ሊመልስ ሲል ከማዶ ጩኸት ተሰማ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ከወገቧ አስራ ቁልቁል እየሮጠች ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ውኃው ዳር ቆማ እጇን አወናጨፈች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሏን ግን ወንዙ ይውጠዋል። አረጋ ከአንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቢጣራ የእሱም ድምፅ አልተሻገረም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከወንዙ ከፍ ወዳለው ገደል አፍ ወጡና በእጃቸው ሴትዮዋም ወደ ላይ እንድትወጣ አሳዩዋት። ከዚያም ቃሉን እንደ ዜማ እየጎተቱ ለቀቁት። «አንቺ ማነሽ? ምን መጣ?»

«ብርቅዬ ነኝ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። «ከላይ ኮሶ አምባ ነኝ። ናዳ ሦስት ቤት በላ። ሰው ከሥር አለ። ወደ ጤና ጣቢያው ልሻገር ነበር።»

ጤና ጣቢያው ከእኛ በስተኋላ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በመካከላችን ግን ወንዙ አለ። ላሊበላ ወንዙ ሳያግደው ከላይ ኮሶ አምባ በበቅሎ ሦስት ሰዓት ግድም ያስኬዳል። ሴትዮዋ ወደዚያ ዞራ በእግሯ ብትሮጥ ረዳት ይዛ የምትመለሰው ሲመሽ ነው።

አረጋ ሣጥኑን አወረደ። ከሽቦው ጫፍ ድንጋይ አስሮ በአንድ ረጅም ጽድ ቅርንጫፍ ላይ ወረወረውና ባትሪውን አገናኘ። ልምምዱን ብዙ ጊዜ ቢሠራውም እውነተኛ አደጋ ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነው። «አባቴ፣ ይጠይቁልኝ» አለ። «ስንት ሰው ነው? ቁጥሩን ራሷ ቆጥራ ነው ወይስ ሰምታ?»

መሪጌታ ጠየቁ። ብርቅዬ ትንፋሿን ሰብስባ መለሰች። «ራሴ ቆጥሬ ነው። በሦስቱ ቤት ዘጠኝ ሰው ነበር። አምስቱን አውጥተናል። ሁለቱ እግራቸው ተሰብሯል። አራቱ ገና ከሥር ናቸው፤ ሁለቱ ሲናገሩ ይሰማሉ።»

አረጋ ጽፎ ጨረሰና መናገሪያውን ያዘ። «ላሊበላ፣ ላሊበላ፣ አረጋ ነኝ። አስቸኳይ። ይሰማል?»

ሬዲዮው ጥቂት ሲንሿሿ ቆየና የሴት ድምፅ መጣ። «ይሰማል። ቀጥል።»

አረጋ ቃሉን እየለየ ላከ። ላይ ኮሶ አምባ፣ ናዳ፣ ሦስት ቤት፣ ዘጠኝ ሰው፣ የወጡ አምስት፣ የተሰበሩ ሁለት፣ ከሥር ያሉ አራት። የሚያስፈልገው የጤና ረዳት፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ገመድና ቃሬዛ። ሲጨርስ መናገሪያውን ለቅቆ ጠበቀ።

የሻረግ ቃሉን መልሳ ትል ጀመር። «ታች ኮሶ አምባ፣ ናዳ፣ ሦስት ቤት...»

«ሳተች» አሉ መሪጌታ። ለሣጥኑ ጆሯቸውን ሰጥተው፣ ተማሪያቸውን እንደሚያደምጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ታች አለች። ታች ኮሶ አምባ ቆላ ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ ይለያያል። ላይ በላት።»

«እርማት» አለ አረጋ። «ላይ ኮሶ አምባ ነው። ላ፣ እንደ ላሊበላ። ላይ።»

«ላይ ኮሶ አምባ» አለች የሻረግ፤ ከዚያም ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው። መሪጌታ በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። «አሁን ቀናች» አሉ። ወደ አረጋም ዞር ብለው «እንዲህ ነው የምትሠሩት? ሁልጊዜ ታስደግማላችሁ?» አሉት።

«ሁልጊዜ ነው አባቴ። ያልተደገመ ቃል እንደደረሰ አይቆጠርም።»

«ይህማ የእኛ ትምህርት ቤት ሥርዓት ነው» አሉ ሽማግሌው፣ በዝግታ።

የሻረግ አስተዳደሩ ሰው መላኩን ስታረጋግጥ መሪጌታ እንደገና ገደሉ ላይ ወጥተው ለብርቅዬ ቃሉን አደረሱላት፤ ሰው ከላሊበላ እየመጣ ነው፣ የተሰበሩትን አታንቀሳቅሱ፣ ከሥር ላሉት እየተናገራችሁ ቆፍሩ። አረጋ የነገራቸውን አንድም ሳይጥሉ አሰሟት። እሷም ከላይ ሆና ሁሉንም ደገመችላቸውና ወደ መንደሯ ሮጠች።

ውኃው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጎደለ። ተሻግረን የጽጌ ማርያም አጥቢያ ወደ ሆነችው ላይ ኮሶ አምባ ስንደርስ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ጭቃውን በዶማና በአካፋ ይዝቃሉ። የጤና ረዳቱ የአንድ ገበሬ እግር በእንጨት አስሮ ጨርሷል። ከሥር ከነበሩት አራት ሰዎች ሦስቱ በሕይወት ወጥተዋል፤ አንደኛዋ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አሰለች የሚባሉት ባልቴት ግን ገና ናዳው ሲወርድ አርፈው ነበር። መሪጌታ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክከው ረጅም ጊዜ ጸለዩ። አረጋ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው።

በማግስቱ ከቀብር መልስ መሪጌታ ሁለታችንን አስጠሩን። «አምና ይህ ቢኖር ኖሮ» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ከዚያ «ኮረብታውን ፈቅጃለሁ» አሉ። «ስለ ስም የተናገርኩትን ግን አልተውኩም። ደብተሩን የፈለገ ያንብብ ብለሃል፤ የአገሬ ሰው ማንበብ አይችልም። ስለዚህ የላካችሁት ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ይነበብ። የሰው ስም ያለበት ቀን ሽቦውን በገዛ እጄ አወርደዋለሁ።»

«ይህን ደንብ እኛ ማሰብ ሲገባን እርስዎ አሰቡልን» አለ አረጋ። «ለሌሎቹም ጣቢያዎች እነግራለሁ።»

«ደግሞ ለደብራችን ሬዲዮ የሚቀመጠው ሰው ብርቅዬ ትሁን።»

ከበው ከቆሙት አንዱ ገበሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «መሪጌታ፣ እሷ ሴት ናት፤ ፊደልም ገና በመሠረተ ትምህርት መቁጠሯ ነው።»

«ፊደሉን ትጨርሰዋለች» አሉ መሪጌታ። «ቤቷ አጠገብ ተራራ ሲናድ ቆማ ሰው የቆጠረች እሷ ናት። ያየችውን እንጂ የሰማችውን አልተናገረችም። እኔ ከመቶ ተማሪ አንድ እንዲህ ያለ አላገኘሁም።»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። በአደጋ ጊዜ ሰውን ከሚገድለው ሁሉ አንዱ መዘግየት ነው፤ አስተዳደር ምንም ያህል እህልና መድኃኒት ቢያከማች የት እንደሚልክ ካላወቀ መጋዘኑ ተዘግቶ ይቀራል። ጥቂት ሰዎች የዕረፍት ቀናቸውን ሰጥተው ተማሩ፤ የሦስት ቀን መንገድም የጥቂት ደቂቃ ሆነ። ሽማግሌዎቻችንም ሲጠራጠሩ እንስማቸው፤ የመሪጌታ ጥርጣሬ ባይኖር ሬዲዮው ደንብ ባላገኘ፣ ጆሯቸው ባይኖር ሰሚው ስሕተቱን ዘግይቶ ባወቀ ነበር።

በጥቅምት ወር ለሥራ ወደዚያው ተመልሼ በኮረብታው ላይ ከተሠራችው ጎጆ ደረስኩ። ብርቅዬ መናገሪያውን ይዛ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ በራሷ እጅ በትላልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት አለ። በአንድ ጎረቤት መንደር ተቅማጥና ትውከት ገብቶ መድኃኒቱ በተጠየቀበት ቀን ደርሶ ነበር፤ እሷ አሁን የሳምንቱን ውጤት ትልካለች።

«የታመሙ አሥራ ስምንት» አለች። «የዳኑ አሥራ ስምንት። የሞተ የለም።»

የላሊበላው ድምፅ ደገመላት። «የሞተ የለም።»